የመጀመሪያዎቹ ባይቶች ብቻቸውን ምስክር አይሆኑም፦ ስለ ፋይል ዓይነት ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ወደ ሰርቨር የሚላኩ ፋይሎችን ዓይነት በአስተማማኝ መንገድ ስለማወቅ የሚናገር አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በፕሮግራመሮች መካከል ሲዘዋወር ሰንብቷል። እኔ ያገኘሁት አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወጣት በውስጡ ያለውን ኮድ እንዳለ ገልብጦ ለግምገማ ሲልክልኝ ነው። ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ ነው፤ አገላለጹም ይገባል። ነገር ግን ይህን ያህል ግልጽ የሆነው ጉዳዩን ከሚገባው በላይ ስላቀለለው ነው። እንዲህ ያለ ኮድ በሙከራ ጊዜ ሁሉንም ፈተና ያልፋል፤ ጉዱ የሚወጣው ከወራት በኋላ ነው።

ጽሑፉን ላላዩት ክርክሩን ባጭሩ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ የፋይል ቅጥያ (ከስሙ መጨረሻ ከነጥብ ቀጥሎ ያለው፣ እንደ ጄፒጂ ያለው) ማንም የሚቀይረው ነገር ስለሆነ ጨርሶ አትመልከቱት ይላል። ሁለተኛ፣ ብራውዘሩ የሚልከው ኮንተንት-ታይፕ (የፋይሉን ዓይነት የሚናገር መግለጫ) ዋጋ የለውምና ጣሉት። ሦስተኛ፣ የፋይሉ የመጀመሪያ 512 ባይቶች አይዋሹም፤ ዓይነቱን የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። አራተኛ፣ ይህን ሥራ ለታወቀ ላይብረሪ (ሌሎች አዘጋጅተው ላስቀመጡት ኮድ) ስጡና የመለሰላችሁን ተቀበሉ። አምስተኛ፣ መልሱን ዳታቤዝ ውስጥ መዝግቡ፤ ፋይሉን መልሳችሁ ስትልኩም በዚያው ዓይነት ላኩት፣ ሥራው አለቀ። ክብደታቸው እኩል ስላልሆነ በቅደም ተከተላቸው አልሄድም።

በሁለተኛው ነጥብ ላይ ብዙ ጠብ የለንም። ብራውዘሩ ፋይሉን ከፍቶ አያነብም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቅጥያውን አይቶ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚሰጠውን ስም ይጽፋል። ኤክሴል ከተጫነበት ዊንዶውስ የተላከ የሲኤስቪ (በኮማ የተለያየ የሠንጠረዥ ጽሑፍ) ፋይል የኤክሴልን ዓይነት ለጥፎ ሊመጣ ይችላል፤ ኤክሴል ከሌለበት ማሽን የተላከው ያው ፋይል ደግሞ ሌላ ስም ይዞ ይመጣል። ብራውዘር ሳይጠቀም በራሱ ፕሮግራም የሚልክ ሰውማ የፈለገውን ይጽፋል። የፒኤችፒ (በሰርቨር ላይ የሚሠራ የፕሮግራም ቋንቋ) መመሪያ ራሱ ይህ መረጃ ከብራውዘሩ የመጣ እንጂ በፒኤችፒ በኩል ያልተረጋገጠ መሆኑን ያስጠነቅቃል። እኔ የምለየው «ጣሉት» በሚለው ቃል ላይ ብቻ ነው። ላኪው «ምስል ነው» ብሎ የላከው ነገር ሲመረመር ሌላ ሆኖ ከተገኘ፣ ልዩነቱ ራሱ መረጃ ነው። መዝገብ ላይ ቢጻፍ በኋላ ስህተት የሚያጣራውን ሰው ብዙ ድካም ያድነዋል።

ስለ ቅጥያ የተባለው ግን አደገኛ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ቢባልም የፋይልን ስም የሚያወጣው ላኪው ነው፤ እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ከዚህ ተነሥተው «አትመልከቱት» ሲሉ ግን አንድ ትልቅ ነገር ዘለሉ፤ እናንተ ባትመለከቱት ሌላው ፕሮግራም ይመለከተዋል። ኢንጂንኤክስ የተባለው የድረ-ገጽ ሰርቨር አንድን ፋይል ከዲስክ አንሥቶ ሲልክ ባይቶቹን አንብቦ አይደለም ዓይነቱን የሚወስነው፤ ቅጥያን ከዓይነት ጋር የሚያዛምድ ዝርዝር አለው፣ እሱን ነው የሚያየው። ሌላው ሰርቨር አፓቼም በተለመደው አሠራሩ እንዲሁ ያደርጋል። ፒኤችፒ የሚሠራበት ሰርቨርም የትኛውን ፋይል እንደ ፕሮግራም ማስኬድ እንዳለበት ብዙ ጊዜ የሚለየው በቅጥያው ነው።

እስቲ በጽሑፉ ኮድ ውስጥ አንድ ፋይል እናሳልፍ። የመጀመሪያዎቹ 6 ባይቶች እያንዳንዱ የጂፍ ምስል የሚጀምርባቸው ፊደላት ናቸው። ከነሱ ቀጥሎ ያለው የፒኤችፒ ኮድ ነው። የፋይሉ ስም የሚያልቀው በፒኤችፒ ቅጥያ ነው። ኮዱ ባይቶቹን ያነባል፤ «ጂፍ ነው» ይላል፤ ምስል የተፈቀደ ስለሆነ ያሳልፈዋል፤ በላኪው ስም ዲስክ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ አድራሻውን የሚጠራ ሰው ምስል አይመጣለትም፤ በሰርቨራችሁ ላይ የራሱን ፕሮግራም ያስኬዳል። ይህ ስልት አዲስ አይደለም፤ ከቆዩትና በጣም ከታወቁት የጥቃት መንገዶች አንዱ ነው። በሩን የከፈተው ደግሞ ቅጥያውን ችላ ማለት ነው። አፓቼ ላይ አንድ ስም ከአንድ በላይ ቅጥያ ሊይዝ ስለሚችል፣ ቅንብሩ በጥንቃቄ ካልተሠራ በጄፒጂ የሚያልቅ ስም እንኳ መሀሉ ላይ ባለው የፒኤችፒ ቅጥያ ምክንያት ሊኬድ ይችላል።

ስለዚህ ቅጥያውን ማመን አይገባም፤ መቆጣጠር ግን ግዴታ ነው። ከተፈቀዱት ውጭ ከሆነ ፋይሉን አትቀበሉ። ከተቀበላችሁም የላኪውን ስም ለማሳያ ብቻ ዳታቤዝ ውስጥ ያዙት፤ ዲስክ ላይ የሚቀመጠው ራሳችሁ ባመነጫችሁት ስም፣ እናንተ ከወሰናችሁት ዓይነት ጋር በሚሄድ ቅጥያ ይሁን።

ቅጥያ የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። ሲኤስቪ ምንም መለያ ምልክት የለውም። በኮማ የተለያየ ጽሑፍ ሲኤስቪ ሊሆን ይችላል፤ ተራ ደብዳቤም ሊሆን ይችላል። በቀላል ምልክቶች የሚጻፈው የማርክዳውን ጽሑፍም እንዲሁ። እነዚህን ከባይቶቹ ብቻ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም፤ መልሱ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ወይ ከስሙ፣ ወይ ደግሞ ተጠቃሚው «የሒሳብ ዝርዝር አስገባ» የሚለውን ቁልፍ ከመጫኑ። በተቃራኒው አንድ ቅጥያ ሁለት ጌታ የሚያገለግልበት ጊዜ አለ። ቲኤስ የሚለው ቅጥያ የታይፕስክሪፕት ኮድም ነው፣ የኤምፔግ ቪዲዮ ስርጭት ፋይልም ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ባይቶቹ ይረዳሉ፤ የቪዲዮው ፋይል በየ 188 ባይቱ 71 የሚል ቁጥር ያለበት ባይት ይደጋግማል፤ ኮዱ ይህን አያደርግም። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል፤ አንዱን ወርውሮ በሌላው ብቻ መኖር አይቻልም።

በቅጥያ ላይ የተመሠረቱ መሣሪያዎችም እንደ ማሽኑ መልሳቸው እንደሚለያይ መታወቅ አለበት። የፓይተን መደበኛ የዓይነት መገመቻ ዊንዶውስ ላይ ከሲስተሙ መዝገብ ያነባል። አንድ የተጫነ ፕሮግራም ያን መዝገብ ከቀየረው የጃቫስክሪፕት ፋይል ተራ ጽሑፍ ተብሎ ሊላክ ይችላል፤ ብራውዘሩም አላስኬድም ይላል። ዝርዝሩን ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ መጫን ከዚህ ያድናል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «የመጀመሪያዎቹ ባይቶች አይዋሹም» የሚለው ሐሳብ ሥሩ ሩቅ ነው። ዩኒክስ ላይ ፋይልን መርምሮ ዓይነቱን የሚናገረው «ፋይል» የተባለው ትእዛዝ መመሪያው የተጻፈው በ1973 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ናትናኤል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ ለኢሜይል ማይም የተባለውን የይዘት ዓይነቶች ደረጃ ያወጡት ደግሞ በ1992 ነው። ያኔ የመረጡት መንገድ ላኪው ዓይነቱን በስም ጽፎ እንዲልክ ነበር እንጂ ተቀባዩ ባይት እያየ እንዲገምት አልነበረም። ሁለቱ መንገዶች እስከ ዛሬ ጎን ለጎን አሉ።

ባይቶቹ በደንብ የሚያገለግሉበት ቦታ እንዳለ አልክድም። የፒኤንጂ ምስል መለያ በጥንቃቄ የታሰበ ሥራ ነው፤ 8 ባይቶች፣ በቁጥር 137፣ 80፣ 78፣ 71፣ 13፣ 10፣ 26፣ 10። የመጀመሪያው ከ127 በላይ የሆነው ፋይሉ ከእያንዳንዱ ባይት 7 ቢት ብቻ በሚያሳልፍ መስመር አልፎ ከተበላሸ ወዲያው እንዲታወቅ ነው። 13 እና 10 አብረው የተቀመጡት የመስመር መጨረሻን የሚቀይር ፕሮግራም ከነካው እንዲጋለጥ ነው። 26 ፋይሉን ዶስ ላይ እንደ ጽሑፍ ለማሳየት የሞከረውን ያስቆመዋል። የፎርማቱ ደራሲዎች እንዲህ ሲያስቡ፣ የመጀመሪያዎቹ ባይቶች በእርግጥ ጥሩ ምልክት ይሆናሉ።

ሁሉም ፎርማት ግን እንዲህ አልታደለም። ብዙ ፋይሎችን ጨምቆ በአንድ የሚያስቀምጠውን ዚፕን ውሰዱ። ዶክኤክስ (የወርድ ሰነድ)፣ ኤክስኤልኤስኤክስ (የኤክሴል ሰነድ)፣ ኢፐብ (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ)፣ ጃር (የጃቫ ፕሮግራም ጥቅል)፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ፣ እነዚህ ሁሉ በውስጣቸው ዚፕ ናቸው። ጎ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ መደበኛ ላይብረሪ ቢበዛ 512 ባይት አንብቦ የወርድ ሰነድን «ዚፕ» ይለዋል። አልዋሸም፤ ግን የጠየቃችሁትን አልመለሰም። ኢፐብ ለዚህ ብልሃት አለው፤ በዚፑ ውስጥ የመጀመሪያው ፋይል ዓይነቱን የያዘ፣ ያልተጨመቀ መሆን ስላለበት ከመነሻው 38 ባይት አልፎ የሚያነብ ሰው ዓይነቱን በግልጽ ጽሑፍ ያገኘዋል። የማይክሮሶፍት አዲሶቹ ሰነዶች ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለባቸውም። ዓይነታቸውን የሚናገረው በዚፑ ውስጥ ያለ አንድ የኤክስኤምኤል ዝርዝር ነው፤ እሱም የትኛውም ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል።

ይህን በመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ቦታ ደንበኞች የኤክሴል ሰነድ አስገብተው «የማይታወቅ ፋይል» የሚል መልስ ይመጣባቸው ነበር። እኛ ዘንድ ሲሞከር ሁልጊዜ ይሠራል። ብዙ ቀን ከፈለግን በኋላ የተገኘው ነገር ይህ ነው፤ ሰነዶቹን ያወጣቸው ኤክሴል አይደለም፣ አንድ የሪፖርት ሲስተም ነው። ሲስተሙ ዚፑን ሲሠራ ፋይሎቹን በሌላ ቅደም ተከተል ያስቀምጣቸዋል። የእኛ መመርመሪያ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ያለውን የፋይል ስም ብቻ ነበር የሚያየው። ሰነዶቹ ምንም ጉድለት አልነበረባቸውም፤ ሰዎቹን ያለ ጥፋታቸው ስንመልሳቸው የነበርነው እኛ ነን።

ዚፕ ሌላም ባሕርይ አለው፤ የሚነበበው ከመጨረሻው ነው። የይዘቱ ማውጫ ያለው በፋይሉ ጅራት ላይ ስለሆነ ከፊቱ ሌላ ነገር ቢቀመጥበት አብዛኞቹ አንባቢዎች አይቃወሙም። ከዚህ የተነሣ ከፊት ጂፍ፣ ከኋላ ጃር የሆነ አንድ ፋይል መሥራት ይቻላል፤ በ2008 የደኅንነት ተመራማሪዎች ይህን አድርገው አሳይተዋል። ምስል አሳዩኝ ለሚል ፕሮግራም ምስል ነው፤ ለጃቫ ደግሞ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። የዚህ ፋይል «እውነተኛ» ዓይነት የትኛው ነው? ሁለቱም። የመጀመሪያ 512 ባይቶችን ያነበበው ኮድ ግማሹን እውነት ይዞ ሙሉ እርግጠኛ ይሆናል። ፒዲኤፍም ቢሆን መለያው ከመነሻው ላይ ባይገኝ የአዶቤ አንባቢ በመጀመሪያዎቹ 1024 ባይቶች ውስጥ የትም ቢያገኘው ይከፍተው ነበር፤ ይህ ከጽሑፉ መስኮት ሁለት እጥፍ ነው።

ሌሎችም አሉ። የኤምፒ4 ቪዲዮ፣ የኤችኢአይሲ እና የአቪፍ ምስሎች የሚጀምሩት በርዝመት ቁጥር ነው፤ መለያው የሚመጣው ከ4 ባይት በኋላ ሲሆን አንዱን ከሌላው የሚለየው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ምልክት ነው። ብዙ ፋይሎችን በአንድ የሚያጠቃልለው የታር ፋይል መለያ 257 ባይት ገባ ብሎ ነው ያለው። የሲዲ ምስል መለያማ ከ32 ሺህ ባይት በላይ አልፎ ስለሚገኝ 512 ላይ የቆመ ሰው አያየውም። የጃቫ ክላስ ፋይልና የማክ ባለ ብዙ አርክቴክቸር ፕሮግራም በተመሳሳይ 4 ባይቶች ይጀምራሉ፤ 202፣ 254፣ 186፣ 190። «ፋይል» የተባለው ትእዛዝ የሚለያቸው ቀጣዩ ቁጥር ትንሽ ነው ወይስ ትልቅ ብሎ በማመዛዘን ነው። ይህ ግምት ነው፤ ጥሩ ግምት፣ ግን ግምት።

ጽሑፍ ስንመረምር ደግሞ እኛን በቀጥታ የሚነካ ነገር አለ። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው ፊደላትን በባይት የመጻፊያ ስልት 3 ባይት ይወስዳል። 512 ለ3 ሲካፈል 2 ይቀራል። ስለዚህ በመስኮቱ ውስጥ ያለው ሁሉ የግዕዝ ፊደል ከሆነ፣ ቆረጣው የሚያርፈው 171ኛው ፊደል መሀል ላይ ነው። የተቆረጠውን ቁራጭ «ትክክለኛ ዩቲኤፍ-8 ነው ወይ?» ብሎ የሚፈትን ኮድ አይደለም ይላል፤ ንጹሕ የአማርኛ ጽሑፍም «ያልታወቀ ባይነሪ» ይባላል። በላቲን ፊደል ብቻ የሚፈትን ፕሮግራመር ይህን ስህተት በዕድሜው አያየውም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጫፍ ላይ ያልተሟላ ፊደል ከቀረ ይቅርታ ማድረግ። ግን ማወቅ ይጠይቃል።

ወደ አራተኛው ነጥብ፣ ላይብረሪውን እመኑ ወደሚለው ልሻገር። ላይብረሪ መጠቀም ትክክል ነው፤ እኔም እጠቀማለሁ። ልዩነታችን የሚጠየቀው ጥያቄ ላይ ነው። ጸሐፊው ላይብረሪውን «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ለሰርቨር የሚበጀው ጥያቄ ግን «ይህ እኔ የምጠብቀው ነገር ነው?» የሚለው ነው። ልዩነቱ የቃላት አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ የፋይሉን ላኪ መልሱን እንዲመርጥ ያስችለዋል፤ ሁለተኛው መልሱን በእናንተ እጅ ያቆየዋል።

በግንቦት 2016 ምስል በሚያቀናብረው ኢማጅማጂክ ላይ የተገለጸው የደኅንነት ቀዳዳ፣ በመዝገብ ቁጥሩ ሲቪኢ-2016-3714፣ ይህን በሚገባ ያሳያል። ኢማጅማጂክ ፋይል ሲሰጠው ቅጥያው ጄፒጂ ቢሆንም ይዘቱን ራሱ መርምሮ ዓይነቱን ይወስን ነበር። አጥቂው ጄፒጂ ብሎ የሰየመው ፋይል ውስጥ ኢማጅማጂክ የሚረዳውን የሥዕል ትእዛዝ ቋንቋ ጽፎ ላከ፤ ፕሮግራሙም አወቀው፣ በዚያ መንገድም ሰርቨሩ ላይ ትእዛዝ ማስኬድ ተቻለ። ማወቁ ራሱ ነበር ጉዳቱ። ያኔ የተሰጠው ምክር ፋይሉ የሚጠበቀው የምስል ዓይነት መለያ እንዳለው አስቀድሞ መፈተን፣ የማያስፈልጉትን ፎርማቶችም በቅንብር መዝጋት ነበር። ጄፒጂ የሚጠብቅ ሰው «ጄፒጂ ነው?» ብሎ ቢጠይቅና ለሌላው ሁሉ እምቢ ቢል ይህ በር አይከፈትም ነበር።

መመርመሪያው ራሱም ከአደጋ ነፃ አይደለም። ከ«ፋይል» ትእዛዝ ጀርባ ያለው ሊብማጂክ በ2014 ሲቪኢ-2014-1943 የተባለ ችግር ተገኝቶበት ነበር፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ፋይል ማለቂያ በሌለው ድግግሞሽ ውስጥ ከትቶ ይጥለዋል። በ2019ም ከተመደበለት ማህደረ ትውስታ አልፎ የሚጽፍበት ስህተት ወጣበት። ይህ ላይብረሪውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ብዙ ፎርማት የሚያውቅ ፕሮግራም ብዙ የማንበቢያ ኮድ አለው፣ ኮድ ባለበት ስህተት አለ። ስለዚህ አነስተኛ ፈቃድ ባለው ሂደት ውስጥ፣ በጊዜና በማህደረ ትውስታ ገደብ አስኪዱት፤ አዳዲስ እትሞቹንም ተከታተሉ። ጉግል በየካቲት 2024 ክፍት ያደረገው ማጂካ በማሽን ለርኒንግ የሚሠራ ሲሆን መለያ የሌላቸውን የጽሑፍ ዓይነቶች በመለየት ረገድ በጣም ያግዛል። የሚሰጠው ግን ከእርግጠኝነት ልክ ጋር የመጣ ግምት ነው፤ በር ላይ ብቻውን ሊቆም አይችልም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ምስል ከሆነ የምትጠብቁት፣ መለያውን ከፈተናችሁ በኋላ ስፋቱንና ቁመቱን ገድባችሁ ምስሉን በእርግጥ ክፈቱት፤ ከዚያም እንደ አዲስ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ከኋላው የተለጠፈው ጃርም ሆነ የፒኤችፒ ኮድ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቀራል። የወርድ ሰነድ ከሆነ ዚፑን በማውጫው በኩል አንብቡ፤ ዓይነቱን የሚናገረውን ዝርዝር ብቻ በመጠን ገድባችሁ ፍቱ። ሁሉንም ከፈታችሁት ትንሽ ሆኖ የመጣ ፋይል ዲስኩን ሊሞላው ይችላል። በዚያው ዝርዝር ማክሮ (በሰነዱ ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም) ያለበትን ከሌለበት ትለያላችሁ። ሲኤስቪ ከሆነ እንደ ሲኤስቪ አንብቡትና የምትጠብቋቸው ዓምዶች መኖራቸውን እዩ። ከዚህ የተሻለ ምርመራ የለም፤ ፋይሉን በመጨረሻ የሚጠቀምበት ኮድ ማንበብ ከቻለ ለእናንተ ያ ዓይነት ነው።

የቀረው አምስተኛው ነጥብ ነው፤ ጸሐፊው «ሥራው አለቀ» ያሉበት። ፋይሉን ስትልኩ ኮንተንት-ታይፕ መጻፋችሁ ብቻ ብራውዘሩ እንዲታዘዝ አያደርገውም። የቀድሞው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የፋይሉን የመጀመሪያ 256 ባይቶች ራሱ እየመረመረ የሰርቨሩን ቃል ይሽር ነበር፤ ምስል ተብሎ የተላከ ፋይል ኤችቲኤምኤል ሆኖ ይከፈትና በውስጡ ያለው ኮድ ይሠራ ነበር። ሰርቨሩ ብራውዘሩን «ዓይነቱን ራስህ አትገምት» የሚልበት «ኖስኒፍ» የሚለው መመሪያ በ2009 ከወጣው 8ኛው እትም ጋር የመጣው ለዚህ ነው፤ ዛሬ ሌሎቹም ብራውዘሮች ያውቁታል። በጽሑፉ ኮድ ውስጥ ይህ አንድ መስመር የለም። በኤክስኤምኤል ጽሑፍ የሚጻፈው የኤስቪጂ ምስልም አለ፤ ዓይነቱ በትክክል ቢታወቅ፣ በትክክል ቢጻፍ፣ ሰው በቀጥታ ሲከፍተው በውስጡ ያለው ጃቫስክሪፕት በእናንተ አድራሻ ስም ይሠራል። ከሰዎች የተቀበላችሁትን ፋይል ከዋናው አገልግሎት በተለየ ዶሜይን ላኩ፤ መታየት የማያስፈልገውን ደግሞ እንዲወርድ እንጂ እንዲከፈት አታድርጉ።

ዳታቤዝ ውስጥ የተጻፈውም መልስ ያረጃል። የጃቫስክሪፕት ትክክለኛ ዓይነት በ2006 በ«አፕሊኬሽን» ሥር እንዲሆን ተወሰነ፤ በግንቦት 2022 የወጣው አርኤፍሲ 9239 የተባለው የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ ወደ «ቴክስት» መለሰው። አቪፍን የማያውቅ የቆየ ላይብረሪ ምስሉን ያልታወቀ ባይነሪ ብሎ መዝግቦት ይሆናል። ስለዚህ ከዓይነቱ ጎን የወሰነውን መሣሪያና የእትም ቁጥሩን አብራችሁ መዝግቡ፤ ላይብረሪው ሲታደስ የትኞቹን እንደገና መመርመር እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

ያ ወጣት የላከልኝ ኮድ ባይቶችን ተቀብሎ ዓይነት የሚመልስ አንድ ፈንክሽን ነበረው። መልሼ ስልክለት ሙሉውን ፋይልና የምንጠብቀውን ዓይነት ተቀብሎ «አዎ» ወይም «አይደለም» እንዲል፣ «አይደለም» ሲልም ምክንያቱን መዝገብ ላይ እንዲጽፍ ነው የጠየቅሁት። ጸሐፊውም በጽሑፋቸው ውስጥ ያለውን ኮድ በዚህ መልክ ቢያስተካክሉት ገልብጠው የሚጠቀሙበትን ብዙ ሰዎች ይጠቅማሉ ብዬ አምናለሁ።